ሳምሶን ሊነግረኝ የነበረው

መስፍኔ፣ የኔ ጌታ፣ እንደምን ከረምክ? ለሞተ ሰው እንዲህ ተብሎ አይጻፍም ትለኝ ይሆናል፤ ተወኝ እስቲ፣ ሌላ አጀማመር አላውቅም። ከተለየኸን ሦስተኛው ፋሲካ አለፈ። እስካሁን ስናደድብህ እንጂ ስጽፍልህ አልኖርኩም። አሁን ግን የምነግርህ ነገር አለኝ፤ ሌላም ሰው እንዲያነበው ነው የምጽፈው። ስለዚህ እዚህ የምጠራው ስም ሁሉ የተቀየረ ነው። አንተንም በአጎትህ ስም ነው የጠራሁህ፤ አትቆጣ። ሳምሶን የምለው ማን እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ፤ ሌላው ባያውቀው ይሻላል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ባለ ሁለት መኝታውን ለቀን ባለ አንድ ገብተናል፤ እዚያው ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ነው፣ ሊያ ትምህርት ቤት እንዳትቀይር ብዬ። ልጅህ በቁመት በልጣኛለች። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ስትናደድ ብቻ አማርኛው ይመጣላታል፣ ያውም ባንተ ቁጣ። ቶዮታህን የምነዳት እኔ ነኝ። ወንበሩን ካንተ እግር ልክ ላይ ማንሳት እጄ እምቢ ብሎኝ፣ ፍሬኑን በእግሬ ጣት ጫፍ እየረገጥኩ ስንት ጊዜ ሥራ ሄድኩ መሰለህ። በመጨረሻ ሊያ «ማም፣ ልትገድዪን ነው» አለችና እሷው ወደፊት ሳበችው። ሥራዬ እዚያው አረጋውያን መንከባከቢያው ነው፣ የጠዋት ሺፍት።

ለቅሶህ ላይ «ልቡ ነው» ተባለ። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ሁሉም ተቀባበለው። ኤርፖርት ሻንጣ ስትጭን ወገብህ መጎዳቱን ያልሰማ የለም። ሐኪሙ የሰጠህ የሕመም ማስታገሻ ሱስ እንደሆነብህ፣ ሐኪሙ ሲያቆምብህም ከሥራ ባልደረባህ ከሳምሶን ጋር መንገድ ላይ የሚሸጠውን ሄሮይን መፈለግ እንደጀመርክ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የሞትከው ግሌንዴል፣ እሱ አፓርትመንት ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። አምቡላንስ የጠራልህ በሩን ክፍት ያየ ጎረቤት ነው። ሳምሶን አልነበረም። ፖሊስ ፈርቶ ጥሎህ ሄደ፤ ሌክውድ ዘመድ ቤት ተደበቀ፣ ለቅሶም አልመጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎኝ ነበር። ሳምሶን ጥሎህ ሲወጣ ትተነፍስ ነበር ወይስ አልነበረም?

ይኸው ጥያቄ ነው ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ወዳለች አንዲት ጠባብ ክፍል የወሰደኝ። እዚያ ሄሮይን ለሚወስዱ ሰዎች ንጹሕ መርፌ ይሰጣቸዋል፣ በበሽታ ላይ በሽታ እንዳይጨምሩ። ሕጉ ገና ስላልፈቀደ መርፌ ይዞ መገኘት ያስከስሳል፤ ሰጪውም ተቀባዩም እየተሳቀቀ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ እረዳለሁ። ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር። ኪስህ ውስጥ መርፌ ባገኘሁ ጊዜ ጎረቤት እስኪሰበሰብ የጮህኩት ሴትዮ፣ ዛሬ መርፌ አዳይ ሆኜልሃለሁ። የኛ ሰዎች ሲመጡ በአማርኛ አስረዳቸዋለሁ። ሄሮይኑ በዝቶበት ትንፋሹ የደከመ ሰው ወተት አይጠጣም እላቸዋለሁ። መርዝ በወተት ይረክሳል እያልን ስላደግን ራሱን ለሳተ ሰው እንኳ ወተት እንግተዋለን፤ ያ ነው የሚያንቀው። ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ፣ እስኪመጣም ትንፋሽ ስጡት። ፖሊስ ሲጠይቃችሁ «ጠበቃ እፈልጋለሁ» በሉ እንጂ «እሺ» አትበሉ።

ይቺን «እሺ» ያስጨመረችን የሳምሶን ጉድ ናት። አምና በረዶው ሲጀምር አውቶቡስ እየጠበቀ ሳለ ፖሊስ መጣና ቦርሳህን ልይ አለው። እሱ እንደ ልማዳችን አንገቱን ሰበር አድርጎ «እሺ ጌታዬ» እንደማለት «ኦኬ፣ ኦኬ ሰር» አለ። እኛ እሺ የምንለው እየሰማሁህ ነው ለማለትም ነው፤ ለፖሊሱ ግን ፈቃድ ሆነለት። ቦርሳው ውስጥ መርፌና ትንሽ ሄሮይን ተገኘ።

መታሰሩን ስሰማ ደስ አለኝ። ላንተ አልዋሽም፣ ይበለው ነው ያልኩት። በዋስ ከወጣ በኋላ የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ይልማ ደወሉልኝ። ሽማግሌ ሆነው ሳምሶንን አነጋግረውታል፤ ዳኛዋ ፊት ቆሞ «አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ» እንዲል መክረውታል። ካመነ አይታሰርም፣ በገደብ ይለቀቃል ተብሏል። አንቺም የሟች ሚስት ነሽና ይቅር በይው፣ ልቡ ይረጋል አሉኝ። ጋሽ ይልማ ስንት ባልና ሚስት፣ ስንት የተጣላ ሸሪክ ያስታረቁ ሰው ናቸው። በሳቸው ወግ ጥፋቱን ያመነ ይማራል፣ የካደ ይረገማል። ይኼ እዚህ አገር የሚሠራ መስሏቸው ነው።

እኔ ግን ምክሩ ምን እንደሚያመጣበት አውቅ ነበር። ሳምሶን ዜጋ አይደለም፣ ያለው ግሪን ካርድ ነው። ቅዳሜ እየመጣች በነፃ የምታማክረን ጠበቃ ደጋግማ የነገረችን ነገር አለ፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው የዕፅ ክስ ካመነ፣ ዳኛ ቢምረው ኢሚግሬሽን አይምረውም፣ ከአገር ያስወጣዋል። ሳምሶን ደግሞ በሕፃንነቱ ከሱዳን ካምፕ የመጣ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ አውሮፕላን ጣቢያ ቢያወርዱት በየት በኩል እንደሚወጣ አያውቅም።

መስፍኔ፣ ያን ቀን ለማንም አልደወልኩም። ዝም ብዬ ብቆይ እጄን ሳላነሳ ይሄድልኝ ነበር። እንዲሄድልኝም ፈልጌ ነበር። አንጀቴ አልችል ብሎ ይሁን ወይስ መልሴን ይዞብኝ እንዳይሄድ ፈርቼ፣ እስካሁን ለራሴም አልገባኝም፤ በማግስቱ ለጠበቃዋ ደወልኩ። እሷም መንግሥት ካቆመለት ጠበቃ ጋር ተነጋገረች። ለኔ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጠችኝ። ስለ ዕፁ፣ የድሮውንም የአሁኑንም፣ ምንም እንዳይነግርሽ አለችኝ። አንቺ ጠበቃው አይደለሽም፤ የነገረሽን ፍርድ ቤት አስምሎ ሊጠይቅሽ ይችላል። ለጠበቃውና ለንስሐ አባቱ የነገረው ብቻ ነው የሚጠበቅለት።

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ከሌክውድ ይዤው መጣሁ። ዴንቨር ፍርድ ቤቱ አጠገብ ፓርክ አደረግኩ። ጋሽ ይልማና ሁለት ሽማግሌዎች ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። ሞተሩን ሳጠፋ ሳምሶን ወደኔ ዞረና «ጽጌ፣ የዚያን ቀን መስፍን…» አለ።

አፉን በእጄ ያዝኩት። ጢሙ መዳፌን ወጋኝ፣ እንባው በጣቶቼ መሀል ወረደ። ስንት ሌሊት ግድግዳውን የጠየቅኩት ነገር መልሱ እዚያው መዳፌ ሥር ነበር፤ እጄን ባነሳ ይወጣል። እጄን ግን አላነሳሁም። እንዳትነግረኝ አልኩት። ለንስሐ አባትህ ንገር፣ ለኔ አትንገር። ዳኛዋ ስትጠይቅህም አጥፍቻለሁ እንዳትል፤ አልልም ማለት መካድ አይደለም፣ ማስረጃችሁን አቅርቡ ማለት ነው።

ዳኛዋ ጥፋተኛ ነህ ወይ ብላ ስትጠይቀው ወደ ኋላ ዞሮ ጋሽ ይልማን አየ፤ እሳቸው በል እንጂ እንደማለት ራሳቸውን ይነቀንቁለታል። ሳምሶን ድምፁ እየተቆራረጠ ጥፋተኛ አይደለሁም አለ። ጋሽ ይልማ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ልጁን ውሸት አስተማርሽው ብለው እስካሁን አኩርፈውኛል፤ ሰላም ስላቸው በቅንድባቸው ነው የሚመልሱልኝ። ጉዳዩ በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ ተጓቶ፣ ጠበቆቹ ዕፅ የሚል ቃል በሌለበት በሌላ ትንሽ ክስ ጨረሱት። ሳምሶን እዚሁ ቀረ።

አሁንስ ሊነግረኝ ይችላል ወይ ብዬ ጠበቃዋን ጠየቅኳት። ያለቀው የቦርሳው ጉዳይ ነው አለችኝ። የባልሽ ጉዳይ አልተከፈተም፣ አልተዘጋምም፤ ባይነግርሽ ይሻላል። እስከ መቼ ስላት ወረቀቷን ሰብስባ ተነሣች። መኪና ውስጥ ገብቼ መሪውን በቡጢ ደበደብኩት።

ሳምሶን ንስሐ ገባ። አባታችን የሰሙትን ፊታቸው ላይ ፈለግኩ፤ መስቀል ሲያሳልሙኝ ቀና ብዬ ዓይን ዓይናቸውን አየኋቸው። ምንም የለም። ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ ሳምሶን መርፌ የምናድልበት ክፍል ድረስ መጣ። አባ ቀኖና ሰጥተውኛል አለኝ፤ ስግደት ብቻ አይደለም፣ ለሰው ትንፋሽ መስጠት ተማር ብለውኛል።

የማስተማሪያውን የላስቲክ አሻንጉሊት ወለሉ ላይ አጋደምኩለት። አገጩን ቀና አድርግ፣ አፍንጫውን ያዝ፣ ንፋ፣ ደረቱን እየው። ነፋ። ደረቱ ከፍ አለ። ሳምሶን እዚያው ተንበርክኮ እንዳለ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ይኼ ብቻ ነው?» አለ።

ተመልሶ ነፋ፣ ደግሞ ነፋ። በቃ ስለው አይሰማኝም፤ እንባው ላስቲኩ ላይ እየተንጠባጠበ ይነፋል። የሞተ ሰው ጥሎ የሸሸ እንዲህ አይሆንም። ያኔ ገባኝ፣ መስፍኔ። ጥሎህ ሲወጣ ትተነፍስ ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ ነገ ጠርተው ቢያስምሉኝ የምናገረው የለኝም፤ የምለው ሁሉ ግምት ነው።

ልመታው እጄ ተነሥቶ ነበር። ማጅራቱ እፊቴ ነው፣ ጎንበስ ብሏል። እጄን እዚያው ላይ አሳረፍኩትና፣ ትቸኩላለህ፣ ቀስ ብለህ ንፋ አልኩት። እንደገና ከአገጩ አስጀመርኩት።

ይቅር ብዬዋለሁ አልልህም፤ ገና ነኝ። የሚመጣው ቅዳሜ ግን ይመጣል፣ እኔም አስተምረዋለሁ፤ አንድ ቀን የሌላዋን ባል አፍ ላይ አፉን ያደርግ ይሆናል። ሰዎች የሞተባቸውን በተዝካርና በፎቶ ያስታውሳሉ። የኔ ይኼ ነው። እጄ እስከሠራ ድረስ ለመጣው ሁሉ ንፋ እላለሁ፣ እዚያ ከፍ የሚለው ደረት ሁልጊዜ ያንተ ነው።

ያንተው ጽጌ