ለጥልፍ ማሽኔ ማዘርቦርድ ፍለጋ

ሰኞ፣ ግንቦት 4። ጠዋት።

አሁንም አልነሳም። ማብሪያውን እጫናለሁ፤ የውስጡ ማራገቢያ አንዴ ዞር ይልና ቀጥ። ስክሪኑ ጥቁር። ራሙን አውጥቼ እግሩን በላጲስ ፈትጌ መለስኩት። ምንም። ከጎረቤት ፓወር ሰፕላይ ተውሼ ሞከርኩ። ምንም። እንግዲህ አንቺ ደብተር፣ የቀረው አንድ ነው፤ ማዘርቦርዱ። ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ትልቁ ሰሌዳ። እሱ ከሞተ የቀረው ሁሉ ቆርቆሮ ነው። (ስሙ ረጅም ነው፣ ከዚህ በኋላ ማ/ቦ እለዋለሁ። ባሌ ደረጀም ደ. ነው፣ በተለይ ሲያናድደኝ።)

ኮምፒውተሩ ለራሱ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። የጥልፍ ማሽኔ ግን ያለ እሱ ዲዳ ነው። የአበባውን ሥዕል የሚልክለት እሱ ነው። የሙሽራዋ ድሪያ፣ ያ ስስ ሰፊ ቀሚሷ፣ ፍሬሙ ላይ እንደተወጠረ፣ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንዳለ ቆሟል። ግማሽ አበባ። 

ሠርጉ እሑድ ነው። ኤዶ ሃዎ፣ የሙሽራዋ እናት፣ ቅዳሜ ልትወስድ ቀጥራኛለች። ድሪያው አለ፤ እህቶቿ ትከሻ ላይ የሚጣለው ጋርባሳር አለ፤ የሁሉም ሻርፕ ጠርዙ በወርቅማ ክር። መገላ ሰፈር ያለች ሴት ሁሉ ያንን ሠርግ ታያለች። ካማረ ሥራ ይጎርፍልኛል። ካልደረሰ ስሜን ጎርፍ ይወስደዋል።

ደ. ትናንት ራት ላይ አንገቱን ሳህኑ ላይ ደፍቶ፣ ባለፈው ማሽኑን ልግዛችሁ ያለው የመልካ ጀብዱው ሰውዬ አሁንም ይፈልገዋል አለኝ። ቅዳሜ ፒክአፑን ይዞ ከተማ ይገባል፤ ከሸጣችሁ ጭኜው እሄዳለሁ ብሏል። ባሌ ይህን ሲናገር ዓይኔን አላየም።  ማሽኑ ከሄደ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ልመለስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የማላውቀው ሰው እጅጌ መስፋት። አልመለስም። ይኸው ጻፍኩት። አልመለስም።

ሰኞ። ማታ ሊሆን ሲል።

ታይዋን ገበያ ሄጄ መጣሁ። የሞተውን ማ/ቦ ፈትቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ባጃጅ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፌው። አብዲ ጋ ነው የወሰድኩት፤ ኮምፒውተሩን መጀመሪያም የገዛሁት ከእሱ ነው፣ ብዙ ያወራል እንጂ አይዋሽም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አገላብጦ አየው። አንድ ጥግ ላይ በጣቱ መታ መታ አደረገ። ነጫጭ ነጠብጣቦች። እኔ አቧራ መስሎኝ ነበር።

«አባዮ እህቴ፣ ይሄ ውሃ ነው» አለኝ።

ውሃ ከየት ይመጣል? ጣሪያዬ አያፈስም፣ ዝናብም ከጣለ ቆይቷል። ስብሰለሰል ሳቀብኝ። ዋላሂ ውሃ ነው፣ የዲሬ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ይተዋል፤ የሻይ ማፍያሽን አታዪም እንዴ፣ ያው ነጭ ነገር ነው አለ።

እውነቱን ነው። ያው ነው።

እቤት የምንኖረው ሁለት ነን። እኔ ውሃ አላፈሰስኩም። የቀረውን ሰው ልጽፈው እጄ እምቢ አለኝ፤ ጭንቅላቴ ግን መንገዱን ሙሉ ሲጽፈው መጣ። ማሽኑ እንዲሸጥ የሚፈልግ አንድ ሰው ነው። ኮምፒውተሩ የተቀመጠው ወለል ላይ ነው፣ ሙቀት እንዲወጣለት ብዬ ጎኑን ክፍት አድርጌዋለሁ። አንድ ብርጭቆ ይበቃል።

አይ። አያደርገውም። ያደርገዋል እንዴ?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5። ከሰዓት።

 ዛሬ ጠዋት የማሽኑን ክፍል ቆልፌ ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ደ. አየኝ። ጫማውን አጥልቆ ወደ ሥራ ሄደ። ለምን እንደቆለፍኩ አለመጠየቁ ይበልጥ አናደደኝ።

አብዲ ሦስት ማ/ቦ ደርድሮ ጠበቀኝ፤ ሁሉም በእኔ አቅም ናቸው ይላል። ሦስተኛው በእኔ አቅም አይደለም፣ እሱም ያውቃል። እንዳልረሳ ልጻፈው።

አንደኛው ያገለገለ ነው፣ ከመሥሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒውተር የተፈታ። ፕሮሰሰሬንም ራሜንም ይቀበላል። ከሁሉ በላይ ከኋላው ባለዘጠኝ እግሩ አሮጌ መሰኪያ አለው። ማሽኔ የሚሰማው በእሱ ብቻ ነው፤ ዩኤስቢ ዓለም ላይ መኖሩን አያውቅም። ስለዚህ ይኼ የእኔ ነው ልል ስል ካፓሲተሮቹን አየኋቸው፤ እነዚያ ትንንሽ በርሜሎች። ሁለቱ አናታቸው አብጧል፤ ሊሞቱ ሲሉ ነው እንዲህ የሚያብጡት። አብዲ ትንሽ ነው አለ። ትንሽ እብጠት ምን ማለት ነው? ያው እብጠት ነው።

ሁለተኛው አዲስ፣ እሽግ፣ ስሙን ማንም የማያውቀው። የእኔኑ አሮጌ ፕሮሰሰር ይቀበላል። ራም ማስገቢያው ሁለት ብቻ ነው፣ ይበቃኛል። ለፈጣኑ ቀጭን ዲስክ ቦታ አለው፣ አሁን ባይኖረኝም። ሙቀት የሚተነፍስበት ብረት ደህና ነው፤ ለዚህ ከተማ ዋናው እሱ ነው፣ ሌላው ጌጥ ነው። ከኋላው ግን ያ አሮጌ መሰኪያ የለም። አብዲ የዩኤስቢ መቀየሪያ ገመድ ጨምሪበት አለ፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚጠቀመው።

ሦስተኛውን ዳሰስኩት፣ አልዋሽሽም። አራት ራም ማስገቢያ፣ ብረቱ ወፍራም፣ ሁሉ ነገሩ ጠንካራ። ግን አዲስ ፕሮሰሰር ይፈልጋል፣ አዲስ ራም ይፈልጋል። ሙሽራዋ እኔ ብሆን እንኳ አይገዛልኝም። መለስኩለት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6። ቀትር።

ዲሬ ተኝታለች። ከስድስት ሰዓት እስከ አስር የሚከፈት ሱቅ የለም፣ የሚሄድም ሰው የለም። አብዲ ሊዘጋ ሲል አንደኛውንና ሁለተኛውን በአንድ ፌስታል ሰጠኝ። ሞክሪያቸው፣ አስር ሰዓት ስከፍት መልሺ፣ የወደድሽውን ታስቀሪያለሽ አለኝ። መያዣ የለ፣ ፊርማ የለ። እዚህ እንደዚህ ነው። ግን ዕቃው እኔ ጋ እያለ አንድ ነገር ቢሆን የእኔ ነው፤ ይህም ሳይነገር የታወቀ ነው።

አንደኛውን ገጠምኩት። በራ! እልል ልል ነበር። ማሽኑ ሥዕሉን ተቀበለ፣ መርፌው ተንቀሳቀሰ፣ ድሪያውን ከነፍሬሙ አንስቼ በወጠርኩት ቁራጭ ጨርቅ ላይ አንድ ቅጠል ጠለፈ። ከዚያ ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። አጥፍቼ አስነሳሁ። ትንሽ ሄዶ ደረቀ። በርሜሎቹን በጣቴ ነካሁ፤ ያቃጥላሉ።

ክፍሉ ደግሞ ዛሬ ምን ነክቶታል? ምድጃ ነው። ቬንትሌተሩ የሚያመጣው ነፋስ ራሱ ትኩስ። ሁልጊዜ እዚሁ ከቀትር እንቅልፌ ስነሳ እንዲህ አልነበረም። በሩን ከውስጥ ቀርቅሬዋለሁ፣ ምናልባት ለዚያ ነው።

ደ. ለምሳ ከባቡር ወርክሾፑ መጥቶ በሩን ቆረቆረ። ሥራ ላይ ነኝ አልኩት። ትንሽ ቆሞ ሄደ። በእጁ የያዘው ነገር በሩን ነክቶ ቃ! ሲል ሰማሁ። ምን ይዞ ነው የመጣው?  የገዛ ባሌን እፈራለሁ እንዴ አሁን? ቀሽም ነኝ። ቢሆንም አልከፈትኩም።

አንደኛው ይመለስ። ሁለተኛውን አብዲን ለምኜ አሳድረዋለሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7። አስር ሰዓት አልሆነም።

 በቅደም ተከተል ልሂድ።

ጠዋት ሁለተኛውን በመቀየሪያ ገመዱ ሞከርኩ። በቁራጭ ጨርቅ ላይ ነው፣ እግዜር ሲያተርፈኝ። ማ/ቦው ቀዝቃዛ፣ ፈጣን፣ አንዴም አልደረቀም። ማሽኑ ግን መንገድ ላይ መልእክት ይጠፋበታል። አበባው አንድ ቦታ፣ ግንዱ ሌላ ቦታ። ሦስቴ ሞከርኩ፣ ሦስቴም ሌላ ሌላ ቦታ። ይሄን ሙሽራ ላይ ላድርግ? ከኤዶ ሃዎ ፊት ልቁም?

ማ/ቦውን ፈትቼ ካርቶን ላይ፣ ካርቶኑን ወለሉ ላይ አድርጌ ደግሜ ልፈትሸው ተቀመጥኩ። ሙቀቱ ስላላስቻለኝ በሩን ከፈትኩት። ግድግዳውን ተደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ለአፍታ ነበር የመሰለኝ።

እግሬ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ጠብ አለ።

ዓይኔን ስገልጥ ደ. ቁጢጥ ብሏል። ጆግ ይዟል። እጁን ውሃ ውስጥ እየነከረ ወለሉን ይረጫል፤ ቀስ ብሎ፣ እንዳልነቃ፣ ከጥጉ ጀምሮ ወደ እኔ። ጫማዎቼን አንስቶ አልጋው ላይ አስቀምጧል እንዳይረጥቡ። ካርቶኑ ጫፍ ላይ ደርሷል።

ጮህኩ። ጎረቤት ሳይሰማ አይቀርም። ጆጉ እጁ ላይ ቀረ።

«ምነው ሰኒ? ውሃ ነው እኮ!»

ውሃ ነው እኮ። ማ/ቦውን ከነካርቶኑ ደረቴ ላይ ለጥፌ ቆምኩ፤ አንድ ነጠብጣብ ፍለጋ አገላበጥኩት። ደርቋል። ንጹሕ ነው። ከዚያ ወለሉን አየሁ። ጠዋት ጠዋት እየተራገምኩ የምፈትገው ያ ነጭ ነጠብጣብ። ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም። እንቅልፌን ስጨርስ ውሃው ደርቆ፣ ክፍሉ ቀዝቅዞ ይጠብቀኛል፤ እኔ ቬንትሌተሩ ነው እላለሁ።

ከመቼ ጀምሮ አልኩት። ማሽኑ ከገባ ጀምሮ አለኝ። ሁልጊዜ ቀትር። እንዲቀዘቅዝልሽ ነው። እናቴም ግቢውን እንዲህ ነበር የምታደርገው አለ።

ወለሉ ላይ ጎኑ ተከፍቶ ስለተቀመጠው ኮምፒውተር ነገርኩት። ስለ ነጫጮቹ ነጠብጣቦች፣ አብዲ ስላለው።  ደ. እዚያው እርጥቡ ላይ ቁጭ አለ። ሱሪው ራሰ።

የመልካ ጀብዱውን ሰውዬስ ለምን አመጣህብኝ አልኩ። ድምፄ አልወረደልኝም፣ ይቅርታም አልጠይቅበትም። በዚህ ክፍል ውስጥ ስትቀልጪ ማየት አቃተኝ አለኝ። ተይው ብልሽ አትተዪውም፣ ስለዚህ ገዢ ፈለግሁ።

አንቺ ደብተር፣ ሰኞ የጻፍኩትን አይቼ አፈርኩ። ደግሞም ተናደድኩ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ውሃ የሚረጨው ለእኔ፣ ማሽን የሚሸጠው ለእኔ፤ አንዱንም ግን አልጠየቀኝም። እኔም በር ቆለፍኩበት እንጂ አልጠየቅኩትም።

እሺ። ማልቀስ በኋላ። ማሽኑ አሁንም ቆሟል፣ ነገ ዓርብ ነው።

ሐሙስ። አመሻሽ።

ነጠብጣብ ስፈልግ ያየሁት ነገር! ሁለተኛው ማ/ቦ ጠርዝ ላይ የቆሙ እግሮች አሉ፣ ሁለት ረድፍ፣ ምንም ያልተሰካባቸው። በስልኬ መብራት አጠጋሁት። አጠገባቸው በጣም ትንሽ ፊደል፣ የአሮጌው መሰኪያ ስም። አለ! ወደ ኋላ ማውጫ ብቻ ነው ያልሠሩለት። ካርቶኑ ላይ ስለ ባለቀለም ጌጥ መብራቱ በትልቁ ጽፈዋል፤ ይሄን ግን የትም አልጻፉትም።

ዓርብ፣ ግንቦት 8። ከቀትር በፊት።

አብዲ ሱቁን ሳይከፍት በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ከእግሮቹ ወደ ኋላ የሚያወጣ አጭር ገመድ አለህ ወይ? አሮጌ ገመድ የታጨቀበት ጆንያ ፊቴ ዘረገፈ። አቦ ማንም አይጠይቀኝም፣ ልጥለው ነበር አለ። ሁለት አገኘሁ። ለሁለቱም ገንዘብ አልተቀበለኝም፤ ማ/ቦውን ስለገዛሁ ምራቂ ነው።

የመጀመሪያው ገመድ፤ ማሽኑ ዝም። ወንበሩን በእርግጫ አልኩት። ደ. ዛሬ ከሥራ ቀርቷል፣ ሁለተኛውን አቀበለኝ። ለካ መልካቸው አንድ ሆኖ የውስጥ ሽቦ አሰላለፋቸው ይለያያል። ሰካሁ። ቁራጭ ጨርቅ ላይ ላክሁ።

አበባው ግንዱ ላይ ተቀመጠ። ልክ ቦታው ላይ።

ኮምፒውተሩ አሁን ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። ደ. ራሱ አወጣው። ሽቦው እንዲደርስ ማሽኑን አስጠጋን። አንድ ላይ ስንገፋ ዓይን ለዓይን ተያየን፣ ሁለታችንም እኩል ዞር አልን። ድሪያው ፍሬሙ ላይ ነው። ግማሹ አበባ ሞልቷል። መብራት እንዳይጠፋ ብቻ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9። ረፋድ።

ሌሊቱን ሳላቋርጥ ሠራሁ። ድሪያው አልቋል፣ ታጥፏል። ሁለት ጋርባሳር ይቀራል። ወገቤ የለም። ማ/ቦው አንዴም አልደረቀም።

ፒክአፑ መጣ። ጥሩምባው ግቢውን አናወጠው። ደ. ወጣ። ምን ልበለው ብሎ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም፤ ትናንት ቀኑን ሙሉ እኮ የሽያጩን ወሬ ስንሸሸው ነው የዋልነው። ማሽኑን አላቆምኩትም፤ ጆሮዬ ግን በር ላይ ነው።

ሰውዬው ገባ። ማሽኑ ሲሠራ አይቶ የበለጠ ወደደው፤ ከሰሞኑ ካለው በላይ ዋጋ ሰጠ። ብዙ ነው። ደ. ሲሰማው ግንባሩን አሸት አደረገ። አሁን እሺ ይላል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።

ደ. ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «የማሽኑ ባለቤት እሷ ናት። እሷን ጠይቅ» አለው።

በዚህ ቤት እንዲህ ሲል የመጀመሪያው ነው። ሰውዬው ዞረ። አልሸጥም አልኩ። አንድ ቃል፣ እጄን ከጨርቁ ላይ ሳላነሳ። ድምፄ ተሰብሯል፣ ምን ገዶኝ።

ቅዳሜ። ትንሽ ቆይቶ።

ኤዶ ሃዎ ቀድማ መጣች። አንድ ይቀረኛል። ሙቀቱን እየተራገመች ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ደ. ጆጉን ሲያነሳ በመስኮት አየሁት፣ ዓይኔ ወደ ቁም ሳጥኑ ሮጠ። ዙሪያዋን ረጨላት። በረንዳውን ረጨ። ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ የቀረውን ውሃ ይዞ አንገቱን ወደ ውስጥ ብቅ አድርጎ፣ እዚህ ይበቃል ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

የማሽኑ የታችኛው ክር አለቀ። ልቀይርና እመልስለታለሁ።