ግድግዳ ላይ የተቸነከረው ከመነዳሪ

ለውዷ እትዬ፣

እንዴት ነሽ? በጣም እንዴት ነሽ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ጉልበትሽስ? የምትጠብቂያቸው ሕፃናት ዛሬም ፀጉርሽን ይጎትቱሻል? እመቤቲቱስ ፊቷ ተፈታ ወይስ አሁንም ዝናብ እንዳረገዘ ሰማይ ነው? እኔ ታናሽሽ ከእግርሽ እስከ ራስሽ ሰላም እልሻለሁ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ «እኛ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነን» ብሎ ነው የሚቀጥለው። እኔም ልጽፈው ስል እጄ ቆመ። ለምን እንደቆመ እያነበብሽ ትደርሺበታለሽ።

የምጽፍልሽ ከትልቁ ሆስፒታል ነው፣ ከጥርስ ክፍሉ በር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር። አትደንግጪ። ወይም ደንግጪ፣ ምን ላድርግ፣ እኔም ደንግጫለሁ። ወንድማችን ሻምበል ውስጥ ነው። አስተኝተውት ጥርሱን እየሠሩት ነው። አክስታችን አጠገቤ ተቀምጣ የቦርሳዋን ማንገቻ እየጠመዘዘች ልትበጥሰው ነው። በስልክ ብነግርሽ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ አንቺ ስታለቅሺ ደግሞ እኔ ቃል ይጠፋኛል። ስለዚህ ከሥሩ ጀምሬ ልጻፈው። ፊደሌ ላይ እንዳትስቂ፣ ጎማ ሲፈታ የኖረ እጅ ነው።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የወንድማችንን ጥርስ የሚያጥብ ሰው ጠፋ። አንቺ እያንጎራጎርሽ የምታስከፍቺውን አፍ እኔ በጉልበት፣ አክስታችን በልመና ሞከርነው፣ ለሁለታችንም አልተከፈተ። መጀመሪያ የሚወደውን የዳቦ ቅርፊት ተወ። ከዚያ ጉንጩን በመዳፉ መምታት ጀመረ። ከዚያ ደግሞ ግድግዳውን በጭንቅላቱ። መቼም ቃል አይወጣው፣ እዚህ ጋ አመመኝ ብሎ አይናገር፣ እኛ ደግሞ ማየት አንችል።

ሠፈራችን ያለው ጥርስ ሐኪም ጋ ወሰድኩት። «እኔ እይዘዋለሁ፣ አንተ ሥራህን ሥራ» አልኩት። እንደምታውቂው የከባድ መኪና ጎማ ብቻዬን የማነሳ ሰው ነኝ፣ ጎሚስታ ቤት ውስጥ በመኪና ማንሻው ስም «ክሪክ» የሚሉኝ ያለነገር አይደለም። ሻምበል ግን በአንድ ግፊያ እኔን ዕቃ መደርደሪያው ላይ፣ መብራቱን መሬት ላይ፣ የሐኪሙን ጣት ጥርሱ መሀል አደረገ። የታመመው ጥርስ እንዲህ ከነከሰ ጤነኛው ምን ሊያደርግ ነው ብዬ ስስቅ ሐኪሙ አልሳቀም። ጨዋ ሰው ነው፣ ጣቱን እየጠቀለለ ይሄ ከአቅሙ በላይ እንደሆነ፣ ለሕፃናትና እንደ ሻምበል ላሉ ሰዎች ተብሎ የተከፈተ አንድ ክፍል ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ እንዳለ ነገረኝ።

እዚያ ያገኘናት ሐኪም ቁመቷ እስከ ክርኔ ነው። ይቺንማ ሻምበል ቁርስ ያደርጋታል አልኩ በሆዴ። እሷ ግን ነጭ ጋዋን አልለበሰች፣ መርፌ አላሳየች፣ ጫማዋን አውልቃ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ትንሿን መስታወት ሰጠችውና የራሷን አፍ ከፈተችለት። ሻምበል እኮ ሐኪም ሆነ! ጥርሷን እየዞረ አየው፣ አንዱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው፣ ሲጨርስ እንደ ልማዱ በእጁ «እለፊ» ብሎ አሰናበታት። በሌላ ቀን ስንመለስ መስታወቱ ወደ እሱ አፍ ገባ። ለካ መንጋጋዎቹ በስብሰዋል፣ የአንዱ ሥር መግል ቋጥሯል። ነቅቶ አይሆንም፣ አስተኝተን ሁሉንም በአንዴ እንጨርስ አለች። ለነገ ይሁን ስላት ቀን ልትቆርጥልኝ እንደማትችል ነገረችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍሉን የሚያሠራው ጤና ቢሮው ነው፣ በውል። የሚያስተኛው ሐኪም የሚመጣውም በዚያው ውል ነው። ውሉ ወሩ ሲያልቅ ያልቃል። ቢሮው ያድሰው ወይስ ልጆቹን ሁሉ ወደየሠፈራቸው ክሊኒክ ይመልሳቸው ገና አልወሰነም። እኔ የሠፈራችንን ሐኪም ጣት አሰብኩት። ከመወሰናቸው በፊት አንድ የቢሮ ሰው መጥቶ ቤተሰቦቹን ራሱ ይጠይቃል ተባለ። ሐኪሟም ቤት ውስጥ እንዴት እንደምንኖር ብቻ እንድንነግረው ለመነችን። «ለኔ ተዪው፣ አፍ ከተባለ እኔ አለሁ» አልኳት። እውነቴን ነው እትዬ፣ እንደዚህ ነው ያልኳት።

የስብሰባው ቀን ብታዪን ሠርግ የተጠራን ነው የምንመስለው። ሁሉም ልጁን አጥቦ፣ አበጥሮ፣ ደህና ልብስ አልብሶ ነው የመጣው። እኔም አንቺ የላክሽውን ሰማያዊ ሹራብ ለሻምበል አለበስኩትና ያበጠ ጉንጩን በኮሌታው ሸፈንኩለት። የቢሮው ሰውዬ ክፉ ሰው አይደለም፣ ቸኩሏል እንጂ። ከፊት ጀመረ። ልጇን በተሽከርካሪ ወንበር ያመጣች እናት ነበረች፣ ልጅሽ እንዴት ናት ሲላት «ተመስገን፣ ደህና ናት» አለች። ቀጥሎ አንድ ባለታክሲ አባት፣ «ደህና ነው፣ ምን ይላል።» ቀጥሎ አንዲት አያት፣ እሷማ ደህና ነን ብላ አልበቃት፣ የሱን ጤና፣ የሚስቱንና የልጆቹን ጠይቃ ነው የተቀመጠችው። ምን ታደርጊዋለሽ፣ አስተዳደጋችን ነው። ጨጓራሽ ቢነድም እንዴት ነሽ ሲሉሽ ደህና ነው የሚባለው። በማያውቁት ሰው ፊት ደግሞ ገመና አይዘረገፍም።

እኔ ጋ ደረሰ። ተነሳሁ፣ ደረቴን ነፋሁ። «ሻምበል? ሻምበል ድንጋይ ብትሰጠው ያደቀዋል። እኔ እያለሁለት የዝንብ ክንፍ አይነካውም» አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። ሳቃቸው ሞቀኝና ስለ ጎማው፣ ስለ ጉልበቴ ጨመርኩበት። ስቀመጥ ሐኪሟን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል።

ሰውዬው እስክሪብቶውን ከደነ። ደስ እንዳለው፣ ይሄን ያህል ችግር ከሌለ የየሠፈሩ ክሊኒክ እንደሚበቃ ነገረን። ሐኪሟ እባክዎ ደግመው ይጠይቋቸው ብትለው «ጠየቅኩ እኮ፣ ደህና ነን አሉ» አላት። ቦርሳውን አንስቶ ወደ በሩ ሄደ።

እትዬ፣ እኔ ስንቱን የሠፈር ጉልቤ ያንበረከክሁ ሰው ነኝ፣ ያን ቀን ግን ያንበረከከኝ የራሴ አፍ ነው። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። ሻምበል ኮሌታውን ገፋና ጉንጩን በመዳፉ ይመታ ጀመር፣ ጧ፣ ጧ። ይሄ ውል ከቀረ ማን ነው የሚያስተኛው? መግሉ ወደ ጭንቅላቱ ቢወጣ ለአንቺ ምን ብዬ ነው የምነግርሽ? ተነስቼ በሩን በጀርባዬ ያዝኩት። ሰውዬው ልመታው መስሎት ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቀፈ።

«ጌታዬ፣ ዋሽቻለሁ» አልኩት። «ደህና አይደለም። እኛም ደህና አይደለንም።»

ከዚያ ላንቺም ያልነገርኩሽን ነገርኩት። ሻምበል ጭንቅላቱን የሚያጋጭበት ቦታ አለ፣ ከአልጋው በላይ ያለው ግድግዳ። ከጎሚስታ ቤቱ ከጎማ ውስጥ የወጣ አሮጌ ከመነዳሪ አመጣሁ፣ ቀደድኩት፣ ደራርቤ ቸነከርኩት። አሁን ሲያጋጭ ዱብ ዱብ ይላል እንጂ ግንባሩ አይሰነጠቅም። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ለጌጥ ነው እላለሁ። ቤታችን ሩቅ አይደለም፣ ና በዓይንህ እየው አልኩት። እጅጌዬን ሰብስቤ ሻምበል የነከሰኝን አሳየሁት። መሀል ላይ ድምፄ ተሰበረ። ይሄንን ጎሚስታ ቤት ለሚያውቀኝ ሰው ብታወሪ እህት ወንድምነታችን አበቃ።

መጀመሪያ የተነሳው ባለታክሲው ነው። ልጁ ሲያመው ታክሲው ውስጥ አስቀምጦ ከተማውን ካላዞረው እንቅልፍ እንደማይወስደው ተናገረ። ባለተሽከርካሪ ወንበሯ ልጅ፣ እናቷ እንዳለችው፣ ጥርሷ ከተሰበረ ወዲህ የሚጠጣ ነገር ብቻ ነው የምትወስደው፣ የሠፈሩ ክሊኒክ ደግሞ በሩ ወንበሯን አያስገባም። አያቲቱ ምን አለችው መሰለሽ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ቅድም ደህና ነን ያልኩዎት ሰላምታ ነው እንጂ መልስ አይደለም።» ሰውዬው ተመልሶ ተቀመጠና እስክሪብቶውን ከፈተ።

ውሉ ታደሰ። ለዘላለም እንዳይመስልሽ፣ ለዓመት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ በሩን የሚይዝ ጀርባ አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ምንም ሳይቀምስ አመጣነው። በሩ ላይ እምቢ ብሎ ተተከለ፣ እኔም ልጎትተው አልሞከርኩም፣ ተምሬያለሁ። የሚያስተኛው ሐኪም የአየር ጭንብሉን መጀመሪያ እኔ ፊት ላይ አደረገው። ሻምበል አየኝ አየኝና ነጥቆኝ ራሱ ፊት ላይ አደረገው። ሲሽቀዳደመኝ አታውቂውም? ከዚያ በእጁ «ውጣ» አለኝ። ወጣሁ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ይሄን በር አፍጥጬ እያየሁ ነው የምጽፍልሽ። አንዴ አንድ ነርስ ሮጣ ስትወጣ ከወንበሩ ዘልዬ ተነሳሁ፣ ለካ ስልኳ ጠርቶ ነው።

አሁን እዚህ መስመር ላይ ስደርስ ሐኪሟ ወጣች። ገና ከሩቅ «ደህና ነው» አለች። አክስታችን ተመስገን ልትል ስትነሳ ክንዷን ያዝኳት። «እንዴት ደህና? ዘርዝሪልኝ» አልኳት ሐኪሟን። ቆማ ዘረዘረችልኝ። የማይድኑት መንጋጋዎች ወጥተዋል፣ መግሉ ተጠርጓል፣ የሚተርፉት ተሞልተዋል። ሲነቃ ያለቅሳል፣ ምራቁ ደም ይቀላቅላል፣ ለጥቂት ቀን ለስላሳ ነገር ብቻ ነው የሚበላው። እንዲህ ያለውን ደህና እኔም እቀበላለሁ። ከመነዳሪውን ግን አሁን አልነቅለውም፣ እሱ ራሱ ግድግዳውን ሲረሳው ያኔ እነቅለዋለሁ።

እና እትዬ፣ ባለፈው ደብዳቤሽ «እኔ ደህና ነኝ፣ አታስቡ» ብለሻል። በቃ፣ ሌላ ቃል የለውም። እሱን አልተቀበልኩትም። ወገብሽ ምን እንደሆነ፣ ምን ላይ እንደምትተኚ፣ ያቺ ሴትዮ ምን እንደምትልሽ ዘርዝረሽ እንደገና ጻፊልኝ።

አክስታችን ጉንጭሽን ስማሻለች፣ የቦርሳዋ ማንገቻም ተርፏል። አለቃዬ ጎሚስታው ሰላም ብሎሻል፣ ያለኔ ሱቁ እንደማይሆንለት ባይናገርም ያውቀዋል። ለጌጥ ነው ያልኩት ጎረቤታችንም እውነቱን ሰምቶ ትራስ አምጥቶልናል፣ እሱም ሰላም ይልሻል። አብራሽ ለምትሠራው ምግብ አብሳይ የታናሽሽን ሰላምታ አድርሺልኝ። ሻምበል ገና አልነቃም፣ ስለ እሱ ሰላም ልልሽ አልደፍርም። ሲነቃ በእጁ የሚለውን አይቼ እነግርሻለሁ።

ታናሽሽ ክሪክ

ከትልቁ ሆስፒታል፣ ከጥርስ ክፍሉ ደጅ
ኅዳር 12 ቀን