አንድ ፍሬ ነጭ እርሳስ

ሸዋ ሮቢት
ኅዳር 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለኤደን ተክሌ
አዋሳ

ኤደንዬ፣ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? የአዋሳው አየር ተስማምቶሽ፣ ሥራሽም ቀንቶሽ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ከማሳ አልቀረም። ሽንኩርቱ ተተክሎ ውኃ እየጠጣ ነው። ማሽላውም ደርሶ እየታጨደ ነው። ሙቀቱ ቀዝቀዝ ስላለ ማታ ማታ ነጠላ መደረብ ጀምረናል።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ማክሰኞ ዕለት ነው። እጄ እንደምታውቂው ቀስ ይላል። ስድስተኛ ክፍልን ከጨረስኩ ወዲህ ብዙ ስላልጻፍኩ አንድ መስመር ጽፌ አነበዋለሁ፤ ካልጣመኝ እተወውና ወደ ሥራዬ ሄጄ እመለሳለሁ። ስልክ ቤት ሄጄ ልደውልልሽ አስቤ ነበር። ግን እዚያ ሰው ጀርባዬ ላይ ተሰልፎ እየሰማ የምናገረው ይጠፋኛል። በዚያ ላይ ዛሬ የምነግርሽ ረጋ ብለሽ የምታነቢው ነገር ነው።

በመጀመሪያ፣ በአውቶቡስ የላክሽው ዕቃ ደርሶኛል። ረዳቱ እስከ በር ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ፤ እግዜር ይስጠው። በቆርቆሮ ሳጥን ያለው እርሳስ፣ የውኃ ቀለሙ፣ ብሩሾቹ፣ ያ ወፍራም ወረቀት፣ ሁሉም ሳይነካ ደርሷል። ከዚህ በፊት የላክሻቸውም ነበሩ። አልጋ ሥር አልበቃ ብሎኝ ቁም ሣጥኑ ላይ ደርድሬያቸው ነበር። ጎረቤታችን ጣይባ ባለፈው ገብታ አየችና፣

«ወይንሸት፣ ሱቅ ልትከፍቺ ነው እንዴ? ንግድ ፈቃድ አወጣሽ?» አለችኝ።

«ኤደን ናት የምትልከው» አልኳት።

«ልጅሽ ስንት እጅ ያለሽ መስሏት ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ልጄ፣ ሐሳብሽ ይገባኛል። የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ስለምትሠሪ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር «ይህንን እናቴ ትወደዋለች» እያልሽ ታስቢኛለሽ። እናትሽ ሥዕል ጀመረች ሲሉሽ ምን ያህል ደስ እንዳለሽ አባትሽ ነግሮኛል። ግን ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ በደንብ ስላልነገርኩሽ ነው ይህ ሁሉ ዕቃ የመጣው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

የእህትሽ የሊድያ የትምህርት ቤት ቦርሳ ከዚያ ወዲህ ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነበር። ማናችንም አልነካነውም። የበልጉ ዝናብ ካባራ በኋላ ግን ምስጥ በግድግዳው ወጥቶ ቦርሳው ሥር ደርሶ አገኘሁት። ደብተሮቿ አፈር ለብሰዋል። አወረድኩና ፀሐይ ላይ ዘረገፍኩት። አንደኛ ክፍል ስትገባ አንቺ የላክሽላት ባለ አሥራ ሁለቱ የቀለም እርሳስ እዚያው ውስጥ ነበር። ምስጡ እንጨታቸውን በልቶት እንደሆነ ለማየት አንዱን አነሣሁና በደብተሯ ሽፋን ጀርባ ላይ ጫር አደረግሁት። ቢጫው ነበር። ጻፈ። ሌላውን አነሣሁ። እሱም ጻፈ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ ሽሮው አረረ።

ጥቁሩ የለም። እሱን እሷው ጨርሳዋለች። የሰው ሁሉ ፀጉር ስትቀባ የምትውለው በእሱ እንደነበር ታስታውሻለሽ፤ የዶሮዎቹን ፀጉር ሳይቀር። ሌሎቹ አጥረዋል፤ አንዳንዶቹ ትንሿን ጣቴን ነው የሚያክሉት። ነጩ ብቻ ርዝመቱ እንደነበረ ነው። ተቀርጾም አያውቅም። «እማ፣ ነጩን ለምን ይሠሩታል? አይታይም እኮ!» ትለኝ ነበር። ስለማይታይ ሥራው መነከስ ሆነ። የቤት ሥራ ሲከብዳት እሱን አፏ ውስጥ ከትታ ነበር የምታስበው። ሁለቱም ጫፉ ላይ የጥርሷ ምልክት አለ። በአንደኛው ጫፍ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀበት ቦታ ክፍት ሆኖ ይታያል።

ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ወደ ደብረ ሲና ተራራ ሲያዘነብል፣ ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥቼ እሥላለሁ። ትልቅ ነገር አይደለም። አንድ የማንጎ ቅጠል፣ አንድ ራስ ሽንኩርት፣ አንዳንዴም አባትሽ ከማሳ የሚያመጣልኝን የዘንጋዳ ራስ። የማንጎ ቅጠል አረንጓዴ ነው እንላለን፤ አረንጓዴ ብቻ ግን አይደለም። መጀመሪያ ቢጫውን ደህና አድርጌ እቀባና ከላዩ ሰማያዊውን ሳልጫን አስኬድበታለሁ። ለጋ ከሆነ ትንሽ ቀይም ይገባበታል። ይህንን ያወቅሁት አረንጓዴው አጥሮ አልያዝ ሲለኝ ነው። የሽንኩርቱ ልጣጭ ደግሞ ከሰማያዊና ከቀይ ይወጣል። ሰማያዊው ቀድሞ መግባት አለበት፤ ኋላ ከገባ ይቆሽሻል። ስትሰሚው ትንሽ ነገር ነው። እኔ ግን አንድ ሽንኩርት ስሥል ስለ ሽንኩርት ብቻ አስባለሁ። ከዚያ በፊት ስለ አንድ ነገር ብቻ ያሰብኩበት ቀን አልነበረኝም።

የቆርቆሮ ሳጥኑን የከፈትኩ ዕለት ምን እንደሆነ ልንገርሽ። አረንጓዴው ብቻ ስንት ዓይነት ነው! ይሄን ልያዝ፣ ያንን ልያዝ ስል፣ እያንዳንዱን ከቅጠሉ ጋር ሳስተያይ፣ መልሼ ስከት፣ በመደዳቸው ሳስተካክል ፀሐይዋ ገባች። አንድ መስመር አልሣልኩም። ቅጠሉም እጄ ላይ ጠወለገ። ሳጥኑ ያምራል፤ ግን ሳጥን ስጠብቅ ዋልኩ። በማግስቱ ወደ አጫጭሮቹ ተመለስኩ። በእነሱ ስሠራ ዓይኔ ቅጠሉ ላይ ነው። በአዲሶቹ ስሠራ ግን ዓይኔ እርሳሱ ላይ ይቀራል። ደስታው ያለው ቅጠሉ ላይ ነው፤ ለእኔ እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

አንድ ቀን ጣይባ በርበሬ ልትበደር መጣች። ሥዕሉን አስቀምጬ ስነሣ ጣቶቼ በቀይና በሰማያዊ ተለቅልቀዋል። ከጥቁር ልብስ ጋር ባለቀለም ጣት! አፍሬ በነጠላዬ ሸፈንኩት።

«ምን ትደብቂያለሽ? ሒና ጀመርሽ?»

«ተይ እንግዲህ ጣይባ።»

«አምጪ፣ አሳይኝ!»

እጄንም ሥዕሉንም አሳየኋት። ሽንኩርቱን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ «ወላሂ ይሸታል!» አለች። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠችና የቀሚሴን ጫፍ ይዛ አየችው። ጥቁሩ በፀሐይ ብዛት ወይቦ ቡኒ ሆኗል።

«በእኛ ለልጅ ሐዘኑ ሦስት ቀን ነው» አለችኝ። «የሚረዝመው ለባል ነው።»

«ሦስት ቀን?» አልኳት። የተቆጣሁ መሰለኝ።

«ሙዐዊያ ሲሞትብኝ እኔም እንደዚሁ እንዳንቺ ነው ያልኩት። በአራተኛው ቀን እናቴ ሌላ ልብስ አለበሰችኝ። የቀየርኩት ልብሱን ነው፣ ወይንሸት። ሌላውማ እዚሁ ነው» ብላ ደረቷን ነካች። «ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ ቀን አይተሽብኛል?»

አላየሁባትም። አጥር ተጋርተን ስንኖር፣ እየሳቀች በርበሬ ስትበደረኝ፣ ሙዐዊያ የሚባል ልጅ እንደነበራት እንኳ ረስቼው ነበር። በርበሬውን ሰፍሬ ሰጠኋትና ሄደች።

በዚያው ሳምንት የእጮኛሽ የሙሉቀን አባት ጋሼ ተፈራ ከደብረ ሲና ወርደው መጡ። ባቄላ በኩርቱ ፌስታል ይዘውልን ነበር።

«እንዴት ነዎት ወይዘሮ ወይንሸት? ይህ ቆላችሁ በኅዳርም አይበርደው?»

«ደህና ነኝ ጋሼ ተፈራ። ከእናንተ ብርድ ትንሽ ጨምረው ቢያመጡልን ምን ነበረበት?»

ሳቁ። ውርጭ የባቄላቸውን ዳር እንደመታው አወሩን። ስለ መንገዱ አወሩን። ስለ ጥር ሠርግ ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሊሄዱ ሲነሡ ዓይናቸው ቀሚሴ ላይ አረፈ። «ልጆቹ እንግዲህ፣ እግዜር በፈቀደ ጊዜ» አሉና ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። አባትሽ እስከ መኪናው ሸኛቸው።

ልጄ፣ ሠርግሽ አምና ጥር ላይ ሊሆን ነበር። ጥቅምት ላይ ያ ወባ መጥቶ ሊድያን ወሰደብን። አንቺም «ይቆይ» አልሽ፣ ሙሉቀንም «ይቆይ» አለ፤ ጨዋ ልጅ ነው። ሙት ዓመቷ ባለፈው ወር ወጣ። የንስሐ አባታችን «ለሕፃን ይህ ይበቃል፤ ልብሱን ለውጪ» ብለውኛል። እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ። ልብሱን ያወለቅሁ ዕለት ሰው ሁሉ ነገሩ አለቀ ብሎ የሚረሳት መሰለኝ። በእኔ ልብስ ምክንያት የአንቺ ቤት ሳይሠራ እንደቆመ አላጣሁትም።

አንቺ ግን አንድ ቀን «እማዬ፣ መቼ ነው የምታወልቂው?» ብለሽ አልጠየቅሽኝም። በእሱ ፈንታ እርሳስ ትልኪልኛለሽ። አንድ ሳጥን በመጣ ቁጥር «እማዬ፣ ተሻለሽ?» የምትይኝ ይመስለኛል። ሳጥኑ እየተለቀ ሲመጣ ጥያቄውም የተለቀ ይመስለኛል። ተሳስቼ ከሆነ ይቅር በይኝ። ካልተሳሳትኩ ደግሞ መልሱን ዛሬ እሰጥሻለሁ።

መጀመሪያ ያደረግሁትን ስሚ፤ አትቆጪኝ። አንቺ ለእኔ የላክሽውን ሁሉ ሰብስቤ ወደ ሊድያ ትምህርት ቤት ወሰድኩት። በዚያ በር ስገባ ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። እኩዮቿ አሁን ሦስተኛ ክፍል ናቸው። አድገዋል። አንዳንዶቹን መለየት አቃተኝ። መምህርቷ የውኃ ቀለሙን ለትምህርት ቤቱ አስቀምጣ እርሳሱን ለየልጁ አንድ አንድ ሰጠቻቸው። ከዚያማ ክፍሉ ገበያ ሆነ።

«ቀይ ያለው ማነው?»

«እኔ! ግን መጀመሪያ ሰማያዊሽን ስጪኝ።»

«ጨርሺ እንግዲህ፣ ሰማዩን ብቻ ቀብተሽ መልሺ!»

«ሰማዩ ትልቅ ነው እኮ፣ ምን ላድርግ!»

በር ላይ ቆሜ ሳቅሁ ልጄ። ድምፄን ሰምቼ ራሴ ደነገጥኩ።

ስመለስ ከሱቅ ስኳር ገዛሁ። ባለሱቁ የጠቀለለልኝ በካኪ ወረቀት ነበር። ቤት ገብቼ ስኳሩን ገለበጥኩና ወረቀቱን በእጄ አቃናሁት። እርሳሶቹ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፣ ነጩን አነሣሁና ባልተቀረጸው ጫፉ ወረቀቱን ፈተግሁት። ታየ። በዚያ ቡናማ ወረቀት ላይ ነጩ ወለል ብሎ ታየ። «ሊድያ፣ ለዚህ ነው የሚሠሩት» አልኩ። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም።

አባትሽ ከማሳ ሲገባ ከምላጭ ጋር ሰጠሁት።

«ይሄን ቅረጽልኝ» አልኩት።

ተቀበለኝና በበሩ ብርሃን እያገላበጠ አየው። ሁለቱንም ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። 

«ከየትኛው?» አለኝ።

«አንተ ታውቃለህ» አልኩት።

ክፍት ቦታ ያለበትን ጫፍ መዳፉ ውስጥ ይዞ ሌላውን ጫፍ ቀረጸው። ፍቅፋቂውን መሬት ላይ አልጣለውም። ሰብስቦ በሸሚዙ ኪስ ከተተው።

በዚያ እርሳስ በስኳሩ ወረቀት ላይ የሣልኩትን አጥፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ነጭ ቀሚስ የለበሰችው አንቺ ነሽ። ጥለቱን በቀይና በቢጫ አድርጌዋለሁ፤ ካልወደድሽው ሸማኔው ሳይጀምር ንገሪኝ። ወዲያ ጎን የቆመችው እኔ ነኝ። እኔም ነጭ ለብሻለሁ። ፊታችንን አትመልከቺው፤ ፊት ገና አልችልም። በመካከላችን የተተወው ቦታ ወረቀቱ ራሱ ነው። የምቀባው አጥቼ አይደለም፤ እንደዚያው ይሁን ብዬ ነው።

ለጋሼ ተፈራ ጥር ብለን ልከንላቸዋል። አባትሽ ከጥምቀት በኋላ ያለውን እሑድ ይዞታል። ጥቁሩን ቀሚስ ትናንት አጠብኩት። ሲደርቅ አጥፌ አስቀመጥኩት። ጣይባ በአጥሩ በኩል አየችኝ።  «በርበሬሽን አምጥቻለሁ፣ ተቀበይኝ» ብቻ አለችኝ፤ ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር።

እመቤቴ ማርያም በመንገድሽ ሁሉ ትቅደምልሽ። የምትገቢበት ቤት ሰላም የማይጠፋበት ይሁንልሽ። ሙሉቀንን ከእኔና ከአባትሽ ሰላም በይልኝ። እግዜር ልጆች ሲሰጥሽ ደግሞ እርሳስ ሲነክሱ አትቆጫቸው።

የምትወድሽ እናትሽ
ወይንሸት

ማሳሰቢያ፦ ከእንግዲህ ሳጥን እንዳትልኪ፤ የቀረኝ ይበቃኛል። ግን ስትመጪ፣ በፍሬ የሚሸጥ ካለ፣ አንድ ነጭ እርሳስ ያዥልኝ። ይችኛዋ ግማሽ ላይ እንድትቆም ፈልጌ ነው።