የእድር ወንበር ኮሪደር ላይ

ይድረስ ለወንድሜ ለጎይቶም፣ ጅቡቲ

ለጤናህ እንዴት ሰነበትክ? እኛ ከመስታወቱ በቀር ደህና ነን።

አዲሱ የካዛንቺስ አፓርታማችን እጅግ ዘመናዊ ነው። ሳሎኑ ሙሉ መስታወት ሆኖ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ፣ ፀሐይዋ ከምሳ በኋላ ገብታ እስክትጠልቅ ከእኛው ጋር ትቀመጣለች። መስኮቱ ስንጥቅ ታህል ብቻ ይከፈታል። ደላላው "ለእይታ እንጂ ለአየር አልተሠራም" ብሎ አስረዳን፤ በቃ፣ ተረዳን።

ነፋስ ያለው ኮሪደሩ ላይ ስለሆነ አባባን ከሰዓት ከሰዓት እዚያ አስቀምጣቸዋለሁ። ወደ ታች መውረድ ትተዋል። ወሬም ቀንሰዋል፤ ማለቴ፣ ትንፋሽ እየቆጠቡ ነው።

ማክሰኞ አባባ ውሃ ሊጠጡ ገብተው፣ እኔ ነጠላ ለብሼ ከባዶ ወንበራቸው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ይህን ያዩ ጎረቤቶች የእድር ወንበር ተሸክመው ከተፍ አሉ። እትዬ ጀማነሽማ እያለቀሱ ነው የመጡት። ወዲያው አባባ ዘንጋቸውን ይዘው ወጡና፣ ወግ አዋቂ አይደሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው አብረው አዘኑ። ትንሽ ቆይተው በሹክሹክታ፣

"ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?" አሉ።

እትዬ ጀማነሽ እኔን አዩ፣ እኔ ሊፍቱን። ከዚያ ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። አባባን ግን ሳቁ ወደ ሳል ወሰዳቸው።

"ወንበሮቹን ውሰዱ እንጂ" ስላቸው፣ እትዬ ጀማነሽ "ይቀመጥ ልጄ፣ ምን ያመላልሰናል?" አሉኝ። ከበሩ ጀርባ ደርድሬያቸዋለሁ።

ለፋሲካ እመጣለሁ ብለሃል፤ ፋሲካን አትጠብቅ። አባባ በእጃቸው ሰላም ብለውሃል። ስለ መቀመጫ አታስብ፣ ሞልቷል።

እህትህ መርሃዊት