አራሷ ልጄ የበላችው ገብስ

ለተከበሩ የአፈርና የጨረር ጉዳዮች ማስተባበሪያ ኃላፊ፣
አምቦ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰቡስ፣ ከብቱስ ደኅና ነው? እኔ ከከተማው ዳር ገብስ የምዘራዋ ዘነበወርቅ፣ ስላደረጉልን ሁሉ እጅ ነስቼ ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ መንገድ ሠሪዎቹ የአፈር መለኪያ መሣሪያቸው ቢሰበርባቸው ከማሳዬ ግርጌ ቀብረውት ሲሄዱ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ቢጫ ምልክት ተክሎልናልና እግዜር ይስጥልን። ጽሑፍ የለበትም፣ ሦስት ክንፍ ብቻ ተስሎበታል። እኛ ሞኞቹም ወፍጮ ሊተከልልን ነው ብለን እልል አልን። ወፍጮው ደጃችን ከመጣማ ብዬ ገብሱን እስከ ምልክቱ ሥር ድረስ ዘራሁት።

ሁለተኛ፣ ገብሱ እንደታጨደ ልጄ ሮሆቦት ተገላገለች። ፈትጌ፣ አስፈጭቼ፣ ገንፎዋን አገንፍቼ በእጄ አጎረስኳት። እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሏት የመጡት ጎረቤቶችም እንደ ወጉ ቀመሱ።

ባለሙያዎ የመጡት ይኼ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው፤ ይሁን፣ ነገርን ከሥሩ አስረድተውናል። ባለ ሦስት ክንፉ ምልክት ለካ የወፍጮ ሳይሆን የጨረር አደጋ ማስጠንቀቂያ ኖሯል። በተሰበረው መሣሪያ ሆድ ያለው፣ ሲዚየም የሚሉት ጨረር የሚረጭ መርዝ በዝናብ ወደ አፈር ይሰርጋል። የሰብል ሥር ፖታሲየም የሚባለውን ምግቡን ሲፈልግ፣ ሲዚየሙ ስለሚመስለው አብሮ ይምገዋል፤ እንደኛው ባለ የተጎሳቆለ አፈር ላይማ ይብሳል። ከሥር ወደ አገዳ፣ ከአገዳ ወደ ፍሬ ይወጣል። አይታይም፣ አይሸትም፣ ቢያጥቡትም ቢቀቅሉትም ጨርሶ አይለቅም። በእናት ጡትም ያልፋል አሉን።

ሦስተኛ፣ ሮሆቦት ይህን ከሰማች ወዲህ ማጥባት ፈራች። ጡቷ አግቶ እሷ ታለቅሳለች፣ ሕፃኑ በረሃብ ይጮኻል። የላም ወተት እንዳንሰጠው ላሚቱም የበላችው የዚያኑ ገብስ ገለባ ነው። ወይኔ ልጄ!

ገብሱን ወስዳችሁ መርምራችኋል። ውጤቱን ግን ሕዝብ እንዳይደናገጥ ብለው ይዘውልናል፤ ለድንጋጤያችን እንዲህ የሚሳሳ ሹም ከየት ይገኛል? ብቻ አንድ ቃል ይንገሩኝ፣ ታጥባው ወይስ ትተወው?

የወንበርዎ ምቾት እንዳይጓደል ቀን ከሌት የምትጸልይ፣ መልስ መጠበቅ የለመደች ታዛዥዎ፣
ዘነበወርቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለሙያዎ ምንም ሥጋት የለም ብለው ሊያረጋጉን ባለፈው ሳምንት ተመልሰው ነበር። ሥጋት ከሌለማ እንግዳ ባዶ አፉን አይሸኝም ብዬ፣ ከዚያው ገብስ የጋገርኩትን ቂጣ አቀረብኩላቸው። በሞቴ ብዬ ብለምናቸው አልቀመሱም። ሮሆቦት ከጓዳ ሆና ታያቸው ነበር። እሳቸው እንደወጡ ጡቷን በመቀነት ጥፍር አድርጋ አሰረች።