ለመኪና የሚወርዱት አባባ

እስቴ፣ ኅዳር 19 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም ካሌብ፣ ባሕር ዳር

እኔ ኃጢአተኛዋ እኅትህ ወለላ፣ በሰማይና በምድር ፊት፣ ማንም ሳያስገድደኝ የምናዘዘው ነገር አለኝ። ብስክሌትህ ጎማዋ ተንፍሶ የሚገኘው በእሾህ አይደለም። በሰይጣንም አይደለም፤ አባባ ግን ጠበል ሊረጯት አስበው ነበር። የማስተነፍሳት እኔ ነኝ። ለንስሐ አባታችን ትቼ ለአንተ የምነግርህ አንተ ስግደት ስለማታዝ ነው። መሳቅ ካማረህ አሁን ሳቅና ጨርስ፤ ወደ ታች ስትወርድ ሳቁ ይቀንሳል።

ሁላችን ደኅና ነን። ጤፉ ታጭዷል፣ ክምሩም ቆሟል። እማዬ ከአጨዳ ወገቧን ይዛ ገብታ፣ «ምንም አልሆንኩ» እያለች ታቃስታለች።

አባባን ታውቃቸዋለህ። ለመንደሩ መሪጌታ ተክለ ማርያም ናቸው፤ ለእኔና ለአንተ ግን ጫማቸው የት እንዳለ የሚጠፋቸው አያታችን። በቅሏቸው ከሞተች ወዲህ ብስክሌትህን በእሷ ወንበር ሾመዋታል። ማታ ማታ ከግራሩ ሥር በጠፍር ያስሯታል። «እንዳትሰረቅ ነው?» ብላቸው፣ «እንዳትባዝን ነው» አሉኝ። ሲጋልቧትም እንደ በቅሎ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲያዩ ይወርዳሉ፣ ሽማግሌ ሲያገኙ ይወርዳሉ፣ ለቅሶ ሲያልፍ ይወርዳሉ። መካነ ኢየሱስ ከተማ ለዜማ ተማሪዎቻቸው እስኪደርሱ፣ ከተቀመጡባት ይልቅ አብረዋት በእግር የሄዱት ይበልጣል።

ዘንድሮ ደግሞ ለመኪና መውረድ ጀመሩ። መኪና ከፊት ሲመጣ ዳር ይዘው ይወርዱና፣ ኩታቸውን ከትከሻቸው አንሥተው፣ «እንደምን አደራችሁ» ብለው እጅ ይነሣሉ።

«አባባ፣ መኪና እኮ አይሰማም» አልኳቸው።

«ሰውየው ይሰማል። ሰላም ያሉትን ሰው ማንም አይገድልም፣ ልጄ። ሹፌርም ከእናት ነው የተወለደ።»

አትቀየመኝና፣ ልክ ሳይሆኑ አልቀሩም። ባጃጆቹ አቧራ እንዳያለብሷቸው ቀስ ይላሉ። የሚኒባሱ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «ይባርኩን አባ» ይላቸዋል። እኔ በዚያው መንገድ ስሄድ ግን አቧራዬን በልቼ ነው ትምህርት ቤት የምደርሰው። «ሰላም ስለማትዪ ነው» ይሉኛል። «የለም፣ ጥምጥምዎን አይተው ነው» እላለሁ። ተከራክረን ተከራክረን አልለይ ሲለን፣ በፈተና ልለየው ቆረጥኩ።

ቅዳሜ ዕለት ጉንፋን ጥሏቸው ሲውሉ ጥምጥማቸውን ጠመጠምኩ፣ ኩታቸውን እስከ አፍንጫዬ ተከናነብኩና ወጣሁ። ለማንም ላልወርድ፣ ለማንም ሰላም ላልል። ጥምጥሙ ብቻውን ከሠራ እኔ ረታሁ። ሠራም። ባጃጁ ቀስ አለ፣ ሚኒባሱ ጥግ ያዘ። አንዱማ ጨርሶ ቆሞ «አባ፣ ይባርኩኝ» ቢለኝ፣ ድምፄን ጉንፋን አስይዤ ባርኬ ሰደድኩት። ያ ሰውዬ የት እንዳለ እንጃ፤ እግዜር የአባባን ምርቃት ይቁጠርለት።

ከድልድዩ በላይ ካለው ጠመዝማዛ ላይ ቀይ አይሱዙ መጣ። አሸዋ የሚያመላልሰው ጓዴ የሚባለው ሹፌር መኪና ነው። መንገዱ ሰፊ ነበር። ጡሩንባ አልነፋም። መሪውን ወደ እኔ አዞረው፤ ሳይቸኩል፣ የለመደውን ሥራ እንደሚሠራ ሰው። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ እየሳቀ፣ «አባ፣ ዛሬስ አይወርዱም እንዴ?» አለ። ከዚያ ራሴን ቦዩ ውስጥ አገኘሁት፣ ብስክሌትህ በላዬ።

ቦዩ ውስጥ ምን እንደሞላ ታውቃለህ? ጭጎጎት። በየማታው ተቀምጬ ከአባባ ኩታ ላይ የምለቅመው ጭጎጎት። «መንገድ ዳር ተንበርክኬ ስጸልይ ነው» ሲሉኝ፣ «ቁጥቋጦ ውስጥ የሚጸለየው የትኛው ጸሎት ነው?» እያልኩ ስቄባቸዋለሁ።

ማታ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ጓዴንም ሰላም ይሉታል?»

«ማን ነገረሽ?»

«ጥምጥምዎ።»

ጥምጥሙን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ይቆጡኛል ስል አልተቆጡም። «መጀመሪያ ስወርድለት ሳቀ፤ ደስ አለው ብዬ ደስ አለኝ» አሉ። «አንድ ቀን ዳገቱ አድክሞኝ ሳልወርድ ባልፍ ተቆጣ። ከዚያ ወዲህ . . . ይለምዳል። ሰው እኮ ነው።»

«ይክሰሱት።»

«ምን ብዬ? ሰላም ብለው አልመለሰልኝም ብዬ?»

ወንድምዓለም፣ ለሌሎቹ ሰላምታ የሆነው ለጓዴ ግብር ሆኗል። ግብር ደግሞ ባለበት አይቆምም። መውረዳቸው ሰለቸውና ቦይ አወረዳቸው፤ ቦዩ ሲሰለቸው ምን እንደሚያምረው ማሰብ አልፈልግም። ጎማውን የማስተነፍሰው ለዚህ ነው፤ ጎረቤት ሄደው መንፊያ ለምነው፣ ነፍተው እስኪነሡ አይሱዙው ያልፋል። ትናንት ግን ቀድመውኝ ወጡ። ሲመለሱ የብስክሌትህ የኋላ ጭቃ መከላከያ ተጣሟል፣ ቀይ ቀለምም ነክቶታል። «ግራሩ ጋ አጋጭቻት ነው» አሉ። ግራራችን መቼ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ያውቃል?

ተውዋት ስላቸው «የካሌብ አደራ ናት፤ ለእሱ ካልሆነ ለማንም አልሰጥም» ይላሉ። እንግዲያው ጠይቃቸው። ለሥራ ፈለግኋት በል። ዋሽ፣ ጾሙን እኔ እጾምልሃለሁ። ስልኩ እሳቸው ጉያ ስለሚውል ነው በወረቀት የመጣሁት፤ የጎረቤታችን ልጅ ሃይማኖት ዛሬ በአውቶቡስ ወደ አንተ ስለምትመጣ ታደርስልሃለች። ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ደውል።

መንገድህን ያቅናልህ። ከፊትህ የሚመጣው ሁሉ እናቱን የሚያስብ ይሁን።

እኅትህ ወለላ

ገና ጎህ ነው። ወረቀቱን ኮርቻዋ ላይ አስደግፌ ነው የጻፍኩት። የፊተኛውን ጎማ አስተንፍሻለሁ፣ የኋለኛው ይቀረኛል። ከታች የአይሱዙው ድምፅ ይሰማኛል፤ ዛሬ ቀደም ብሏል። ጠመዝማዛው ጋ ደረሰ።

አላለፈም። ሞተሩን አጠፋ፤ እሳቸውን ሊጠብቅ ነው።

ከኋላዬ ሰው አለ። ጥምጥማቸውን አሳምረው ጠምጥመዋል፣ የጎረቤቱን መንፊያ ከማታ ጀምሮ ተውሰው ኖሮ በእጃቸው ይዘዋል።

«ወለላ» አሉ።