ያልሄድኩበት ደብረ ማርቆስና የጎኔ አልማዝ ባለጭራ

ለተከበሩ አቶ አንዷለም፣ የክትባት ዘመቻ አስተባባሪ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ እንዲሁም አቧራችን ደፍሮ የማይነካት መኪናዎ በፍጹም ጤንነት እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከግራ ጎኔ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

እንደሚያስታውሱት በየካቲት ወር፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለችው ቀበሌያችን መጥተው፣ ስልሳ አባወራ የንስሐ ልጆች ያሉኝ ካህን መሆኔን ሲሰሙ፣ ከእኔ በፊት ማንም እንዳይከተብ አዘዙ። መምሬ ደምለው ከተከተቡ ማን ይቀራል ማለትዎ ነበር፤ እውነትዎን ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ እጅጌዬን ሰብስቤ የኮሮናውን ክትባት ስወጋ አርባ አንድ ሰው ከኋላዬ ተሰለፈ። ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ፤ በዕድሜዬ ፎቶ ስነሣ ያ ሦስተኛዬ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ግራ ጎኔ እንደ እሳት ይለበልበኝ ጀመር፤ ከጀርባዬ እስከ እምብርቴም ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ተደረደረብኝ። ሞጣ ሄጄ ለነርሷ ለሲስተር ትህትና ባሳያት፣ ገና ከማየቷ አልማዝ ባለጭራ ነው አለች። በልጅነቴ የወጣብኝ ጉድፍ ለካስ አልሞተም፤ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ኖሮ አሁን ነቅቷል። ከክትባት በኋላ እንዲህ የሆነባቸው ጥቂት ሰዎች መኖራቸውን፣ የኔን ግን ክትባቱ ይቀስቅሰው፣ ስልሳ አራት ዓመቴ ወይስ ጾሙ፣ በርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል አስረዳችኝ። መድኃኒት ሰጥታም እናንተ ቢሮ ሄጄ እንዳስመዘግብ አደራ አለችኝ። አይ የዋህነት! አምኜ ሄድኩ።

እንግዲህ ውድ ጊዜዎን እንዳልሻማ ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ ቅጽዎ ላይ ለትኩሳት፣ ለራስ ምታትና ለክንድ ሕመም ብቻ ቦታ ስለተሰጠ፣ ጎኔ የሚገባበት ሳጥን ጠፍቶ፣ ምንም ችግር የለም በሚለው ላይ ምልክት ተደረገልኝ። መዳኔን ለጎኔ ብነግረው አልሰማ አለኝ።

ሁለተኛ፦ ሕዝቡ እንዳይደናገጥ ብለው፣ መምሬ ደብረ ማርቆስ ሄደዋል በሉ ብለው ለቤተሰቤ መልእክት ላኩ። አቤት አሳቢነት! ዳሩ ግን ቁስሉ የሚፈስ ካህን መቅደስ አይገባምና፣ እሑድ እሑድ ከምእመናኑ ጋር ወይራው ሥር ቆሜ ሳስቀድስ ከረምኩ። ደብረ ማርቆስ ሄደ የተባለ ሰው ፊታቸው ቆሞ ሲያዩት የንስሐ ልጆቼ ምን ይበሉ? ግማሹ ከባድ ኃጢአት ሠርቶ ነው አለ፤ ግማሹ ክትባቱ ሊገድለው ነው አለ። ሁለቱንም ወሬ የወለደው የእርስዎ ውሸት ነው። ተናድጃለሁ፤ አልደብቅዎትም።

ሦስተኛውን ስጽፈው ለእርስዎ እኔ አፍራለሁ። ቤት ለቤት ዞሬ የሆነውን እንደሆነው ብናገር፣ አሉባልታ ነዛ ብለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉልኝ። ማኅተሙ ግን በጣም ያምራል።

ነገሩን ቀልድ ያላደረገብኝ አንድ ጉዳይ አለ። ወይዘሮ ባንቺዓለም የሚባሉ፣ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸውና አስም ያለባቸው የንስሐ ልጅ አሉኝ፤ አምና ወንድማቸውን በኮሮና ቀብረዋል። የመጀመሪያውን ክትባት እኔን ተከትለው ተወግተው ነበር፤ ሁለተኛውን ግን በመምሬ ጎን የዋሸ በእኔ ክንድ አይዋሽም ወይ ብለው እምቢ አሉ። በሽታው ቢይዛቸው የመትረፋቸው ነገር እንደሚያሰጋ እኔም እርስዎም እናውቃለን።

ስለዚህ የምለምንዎ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥተው፣ ይህ ነገር በመምሬ ላይ ደርሷል፣ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፣ ይታከማል፣ እኛም ደብቀን አጥፍተናል ብለው በሕዝብ ፊት እንዲናገሩ ብቻ ነው። ቁስሌ ደርቋል፤ ሲስተር ትህትናም ፈቅዳልኛለች፤ አጠገብዎ ቆሜ ሁለተኛውን እወጋለሁ።

ጎንዎን ከሽፍታ፣ ማኅተምዎንም ከሥራ ብዛት ይጠብቅልኝ እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ (በቀኝ በኩል ብቻ) እሰናበታለሁ።

አክባሪዎና፣ ኑዛዜ ባሰኘዎ ጊዜ ሁሉ ቤቱ ክፍት የሆነ፣
ቄስ ደምለው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ የቀበሌያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከመለጠፌ በፊት ለወይዘሮ ባንቺዓለም አነበብኩላቸው። እሑድ እመጣለሁ ብለዋል፤ ስድስት ጎረቤትም ያስከትላሉ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርፌውን የሚወጋቸው ሰው፣ ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ እውነቱን የሚነግራቸው ይሁን። መሥሪያ ቤትዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ይላኩልን። ከሌለም አይቸገሩ፤ ሲስተር ትህትናን ከሞጣ ለምኜ አመጣለሁ።